ፍሪሲዮን የከበደው ሰው

የሞተር ሳይክሉ ፍሪሲዮን መክበድ የጀመረው ዝናቡ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጋሼ ቆጣሪ እንዲያ ይላል። ሚስቱ ብትጠየቅ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው ትል ነበር፤ የጠየቃት የለም እንጂ።

ጋሼ ቆጣሪ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በሚዞርባቸው ሰፈሮች ግን ያንን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አይገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ በር እያንኳኳ «ቆጣሪ ነኝ» ሲል ኖሮ፣ ሰዉም ቃሉን አምኖ ተቀበለው። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው። ረጅምና ጎበጥ ያለ ነው፤ መጉበጡን ግን በእርጅና አያሳብበውም። የውሃ ቆጣሪ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው፣ መሬት ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ጎንበስ ላላለ ሰው አይነበብም ይላል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ከሞተር ይወርዳል፣ በር ያንኳኳል፣ ውሻው እስኪታሰር ይጠብቃል። የጉድጓዱን የብረት ክዳን በመንጠቆ ስቦ ያነሳል፣ ጉንዳኑንና ጭቃውን ይጠርጋል፣ የቆጣሪውን መስታወት በጨርቅ ወልውሎ ቁጥሩን ይጽፋል። ክዳኑን ይመልሳል፣ ሞተሩ ላይ ይወጣል፣ ሃያ ሜትር ያህል ሄዶ እንደገና ይወርዳል። ይህንን በቀን መቶ ሃያ ጊዜ ያደርገዋል። የሱ ክልል ዳገታማው ሰፈር ስለሆነ፣ በአንድ በርና በሚቀጥለው በር መካከል እንኳ ማርሽ መቀየር ግድ ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ግራ እጅ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይጨብጣል፣ ይለቃል።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ለጋሼ ቆጣሪ ሲሰጠውም አዲስ አልነበረም፤ ከሱ በፊት ሁለት ሰው ጋልቦታል። እሱ ከያዘው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በአንድ ወቅት ቀይ እንደነበረ የሚመሰክረው ከመቀመጫው ሥር የቀረችው ቀለም ብቻ ናት። የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ አንድ ነገር ከዋጠ ወር ሳይሞላው ስለማይተፋ፣ ጋሼ ቆጣሪ ጥቃቅኑን ብልሽት ራሱ መጠገን ከለመደ ቆይቷል። የኋላ ጎማውን ካቴና ያጠብቃል፣ ብልጭታ የምትሰጠውን ካንዴላ ይጠርጋል፣ የፍሬን ሽቦ ይቀይራል። ፍሪሲዮን ማስተካከል ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ነገር ነበር።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በመሪው ግራ በኩል አንድ እጀታ አለ። ከእጀታው ቀጭን የብረት ሽቦ በጎማ ሽፋን ውስጥ አልፎ እስከ ሞተሩ ሆድ ድረስ ይወርዳል። እጀታው ሲጨበጥ ሽቦው ይሳብና ሞተሩንና ጎማውን ያለያያቸዋል፤ ማርሽ የሚገባው ያኔ ነው። ሲለቀቅ ይገናኛሉ። ሽቦው ከመጠን በላይ ከላላ ሁለቱ በወጉ አይለያዩም፣ ማርሹም እየተንገጫገጨ አልገባም ይላል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ በወጉ አይገናኙም፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይሰማውም። ልኩ፣ እጀታው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሳንቲም ውፍረት ያህል ላላ ማለቱ ነው። ጋሼ ቆጣሪ ይህንን ለጀማሪ ባልደረቦቹ ሲያስረዳ፣ እንደ ትዳር ነው፣ ትንሽ ካላላላችሁት ሁለቱንም ይበላቸዋል ይል ነበር።

እንግዲህ ዝናቡ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሳለ እጀታው አልጨበጥ አለው። ጨርሶ እምቢ አላለም፤ ከበደው። አራት ጣቶቹን አጥፎ ሲስብ ከእጅ አንጓው እስከ ክንዱ የሚያቃጥል ነገር ሮጠ። ቆም አለና እጁን አራገፈ። ዝናብ ሽቦውን አዝጎታል ብሎ ደመደመ፣ መደምደሚያውም ደስ አሰኘው። ዝገት መድኃኒቱ ዘይት ነውና።

እሑድ ጠዋት ሞተሩን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሥራ ጀመረ። ከእጀታው ሥር ያለችውን ማጥበቂያ አላልቶ ሽቦውን ከላይም ከታችም ፈታው፣ ስቦም ከነሽፋኑ አወጣው። የሽቦውን አንድ ጫፍ የልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ ሰቅሎ፣ ከጋዜጣ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ጠቅልሎ፣ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረገ ከላይ ያወርድበት ገባ። ዘይቱ በሽፋኑ ውስጥ አልፎ በታችኛው ጫፍ ጥቁር ሆኖ እስኪንጠባጠብ ድረስ ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በመስኮቱ በኩል፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታየው ነበር። ሽቦውን ሲመልስ ብሎኑን የምታጠብቀው ትንሿ ዳዶ ከግራ እጁ ሦስት ጊዜ አምልጣ አሸዋ ውስጥ ገባች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ሚስቱ መኪናዋን አቁማ ወጣች፣ ዳዶዋን ከአሸዋው ለቅማ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው፣ ተመልሳም ገባች።

ሰኞ እጀታው ቀለል ያለ መሰለው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ግን ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሼ ቆጣሪ ራሱ ሲያወራው ያፍርበታል። ሽቦውን አላላው፤ ማርሹ መንገጫገጭ ጀመረ፣ ሞተሩም በየበሩ እየዘለለ ይጠፋበት ገባ። መልሶ አጠበቀው። ማጥበቂያዋን አንድ ዙር ማዞር ሲበቃው፣ ተናዶ ነበርና ሦስት ዙር አዞራት። በማግሥቱ ወደ ላይኛው የውሃ ጋን የሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ እሪ እያለ ባለበት ቆመ። ጋዝ ቢሰጠው ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ከኋላው የጭነት መኪና ጥሩምባውን አንባረቀበት። ጋሼ ቆጣሪ ወርዶ፣ የሞተሩን ቀንዶች ይዞ፣ ዳገቱን መግፋት ጀመረ።

በዚያ ዳገት ላይ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ሰላምታ ሰጠውና፣ «ዛሬ ደግሞ የመሸከሙ ተራ ያንተ ሆነ?» አለው።

ጋሼ ቆጣሪ ሊስቅ ፈልጎ ትንፋሽ አጣ። መምህሩ ወንበሩን ለቆለት፣ አስቀምጦት፣ ውሃ አመጣለት። ብርጭቆውን በቀኝ እጁ ተቀበለ። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ እንደሚቀበል ያኔም ልብ አላለውም።

አዲስ ሽቦ ገዛ። አዲሱም ከበደው፤ ድሮ የሚሠሩት ነበር ሽቦ፣ አሁን ምን አለ ብሎ ሌላ ገዛ። ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ሁለተኛውም ያው ሆነ። በዚህ መሃል ሌሎች ነገሮች ይሆኑ ነበር። አንድ ቀን የጉድጓዱ ክዳን ከእጁ አምልጦ ከእግሩ አውራ ጣት ፊት መሬት ላይ ተደፋ፤ ላብ ነው አለ። ጠዋት ጠዋት የግራ እጁ ጣቶች የራሱ ያልሆኑ ያህል ደንዝዘው ይነሳሉ፤ ተኝቼባቸው ነው አለ። ቤት ሲገባ የሚሰማው ድካም ደግሞ ዕረፍት የሚያስወግደው ዓይነት አልነበረም። ጫማውን ለማውለቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ማሰሪያውን እያየ ይቆያል፤ አጎንብሶ መፍታት መቶ ሃያ አንደኛው ቆጣሪ ይመስለዋል። ሚስቱ አንዳንድ ቀን ቀድማ ትፈታለታለች።

በመጨረሻ ወደ መካኒኩ ሄደ። ይህ መካኒክ ጎዳናው ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሞተር ሳይክል ብቻ የሚጠግን፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ቅጽል ስሙ ዝምታው ነው። ዝምታው የተባለው በሥራ ላይም በምግብ ላይም አፉ ስለማያርፍ ነው። ጋሼ ቆጣሪ ሞተሩን ገፍቶ ሲያስገባ፣ ካንዴላ እየጠረገ ስለ ጎረቤቱ ዶሮ ሲያወራ ደረሰበት። የሚያዳምጠው ሰው ግን አልነበረም።

«ግራ ገብቶኛል፤» አለው ጋሼ ቆጣሪ።

«በግራ በኩል ያለ ነገር መቼም ግራ ሳያጋባ አይቀርም፤» አለ ዝምታው ወደ እጀታው እያየ። «ፍሪሲዮን ነው አይደል? ከአረማመድህ አወቅኩት።»

ጋሼ ቆጣሪ ያደረገውን ሁሉ ነገረው። ዝምታው ዘይቱንም ሽቦዎቹንም እየሰማ፣ እያሾፈ፣ ስለ ዶሮዋም ጣል እያደረገ፣ በፒንሳና በቁልፍ ሥራውን ጀመረ። ሽቦው የሚያልፍበትን መንገድ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰ። የታጠፈበት ቦታ የለም። ከሞተሩ በኩል ያለችውን የታችኛዋን ማስተካከያ አላልቶ እንደገና አሰራት። የላይኛዋንም እንዲሁ። ከዚያ እጀታውን በአንዲት ሌባ ጣቱ ሳበው። እጀታው ያለ ጭንቅ መጣ፣ ጠቅ ብሎም ተመለሰ። ደግሞ ሳበው። ማርሽ አስገባ፣ አወጣ። የሚንገጫገጭ ነገር አልነበረም።

«እስቲ ሞክረው፤» አለ።

ጋሼ ቆጣሪ በግራ እጁ ጨበጠ። ክንዱ ተቃጠለ። እጀታው ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። «ይኸው፤» አለ ጋሼ ቆጣሪ፣ ትክክል በመሆኑ ደስ እንዳለው ሁሉ። «አየኸው? ድንጋይ ነው።»

ዝምታው እጀታውን እንደገና በአንድ ጣት ሳበው። ከዚያ ወደ ጋሼ ቆጣሪ እጅ ተመለከተ። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጡንቻ ጎድጉዶ፣ መዳፉ ከአንድ ወገን የተላጠ መስሎ ነበር። «እስቲ ከዚህ ማዶ ቁም፤» አለው፤ «በቀኝህ ሳበው።»

ጋሼ ቆጣሪ ሞተሩን ዞሮ ቆመና ቀኝ እጁን አሻግሮ እጀታውን ያዘ። ሳበው። እንደ ቅቤ መጣለት። ለቀቀውና እንደገና ሳበው። ሦስተኛ ጊዜም ሳበው።

ዝምታው ዝም አለ። በሃያ ዓመት ትውውቃቸው ጋሼ ቆጣሪ ያንን ሰው ዝም ሲል ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው። በጨርቅ እጁን ጠረገ፣ ፒንሳውን ጠረገ፣ መጠረግ የማያስፈልገውን ቁልፍም ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም፤» አለ። «የሚጠብቀውን አጥብቄያለሁ፣ የሚላላውን አላልቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው የኔ ቁልፍ የሚደርስበት አይደለም።»

ጋሼ ቆጣሪ ተገልብጦ የተቀመጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። ሲያየው የቆየ እጅ ነበር፣ ግን ዕቃ እንደሚያይ ነበር ሲያየው የኖረው። ለምን እንደሆነ አላወቀም፣ መጀመሪያ የመጣበት ስሜት ፍርሃት አልነበረም፤ ድካም ነበር። እነዚያ እሑዶች ሁሉ፣ ያ ዘይት ሁሉ፣ ያ መፍታትና ማሰር ሁሉ ባንድ ላይ መጥተው ትከሻው ላይ ተቀመጡበት። ዝምታው የሠራበትን ዋጋ አልቀበልም አለ። ጋሼ ቆጣሪም ሊከራከር ጉልበት አጣ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው አላት። መኪናዋን እየረገጠች፣ ጥሩ ነው አለች። እጄ ነው የከበደኝ አላት። መኪናዋ ቆመ።

«አውቃለሁ፤» አለች።

መቼ እንዳወቀች ጠየቃት። የሸሚዝህን ቁልፍ መቆለፍ ካቃተህ ጊዜ ጀምሮ ነው አለችው። ቁልፍ መቆለፍ መቼም አቅቶኝ አያውቅም ብሎ ሊቆጣ ሲል፣ ዛሬ የለበሰውን ሸሚዝ እንዲያይ በአገጯ አመለከተችው። ቀዳዳዎቹን አየ። ሁሉም በጥቂቱ ሰፍተው፣ ዳራቸው በአዲስ ክር ተዘምዝሞ ነበር። ሚስቱ ያሉትን አምስት ሸሚዞች በሙሉ እሱ ሥራ በዋለባቸው ቀናት አንድ በአንድ ቀዳዳቸውን አስፍታ፣ ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር አመሳስላ፣ መልሳ አንጠልጥላቸው ነበር።

ጋሼ ቆጣሪ ይህንን ሲያይ ተናደደ። በገዛ ቤቱ እንደ ሕፃን ሲታዘንለት ኖሮ አላወቀም ነበር ማለት ነው። «እያወቅሽ ዝም አልሽ?» አላት። «እኔ እዚያ አሸዋ ላይ ተንበርክኬ ዳዶ ስለቅም፣ አንቺ በመስኮት ታያለሽ?»

«ምን ልበልህ?» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ እሷም ደክሟታል። «ሞተሩ ነው ስትል ፊትህ ይፈታ ነበር። ሞተር ይጠገናላ። እኔ ነኝ እንዴ ያንን የምነጥቅህ?»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም የቀኝ እጇን አሳየችው፤ መቀስ የሚይዙት ሁለት ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው አብጦ ነበር። ይኼ መቼ መጣ ቢላት፣ አንተ ሞተርህን ስትፈታ አለችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ፣ ግን ፈገግታው ብዙ አልቆየም። ያን ቀን ምሳ የበሉት ሲመሽ ነው።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ አብራው ሄደች። ወረፋው ከበሩ ውጭ አልፎ አጥሩን ተከትሎ ነበር። ተራው ደርሶ ሲገባ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም እጁን ገልብጣ በጣቷ የአንጓውን ውስጠኛ ጎን ጠቅ ጠቅ አደረገችው። እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ነዘረው። ሥራውን ጠየቀችው። ሲነግራት፣ ስንት ዓመት አለችው። ከዚያ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችው። ከክንድ ወደ ጣት የሚሄድ ነርቭ በእጅ አንጓ ላይ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል፤ ዓመታት ሙሉ በመጨበጥና በንዝረት ብዛት መተላለፊያው አብጦ ነርቩን አንቆታል።

«ገባኝ፤» አለ ጋሼ ቆጣሪ። «ሽቦው ደህና ነው፣ ሽፋኑ ነው የጠበበው።»

ሐኪሟ ሥዕሉን አየችና፣ ከሷ አገላለጽ የሱ እንደሚሻል ተናገረች። በትንሽ ቀዶ ጥገና መተላለፊያውን መክፈት ይቻላል፤ ለዚያ ግን ወረፋው አራት ወር ነው። እስከዚያ አንጓውን የሚደግፍ ማሰሪያ ያደርጋል። ሞተር ሳይክል መንዳት ያቆማል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ጡንቻው ምን ያህል እንደሚመለስ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችው፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር አለች። ጋሼ ቆጣሪ ሽቦ ስቀይር ነበር ሊላት አስቦ ተወው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ ከሱ በብዙ የሚያንስ ሰው ነው፣ ግን ሰው አክባሪ ነው። ወረቀቱን አንብቦ ከመቀመጫው ተነሳ። «እርስዎን ቢሮ ማስቀመጥ እችላለሁ፤» አለው፤ «ቅሬታ የሚቀበል ሰው ጎድሎናል።» ጋሼ ቆጣሪ አሰበበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው በር ላይ ቆሞ የሰማውን ቅሬታ አሁን ተቀምጦ ሊሰማው ነው። ያ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ሆኖ ታየው። በእግር የሚዞሩበት ሜዳ ሰፈር ካለ ያንን ስጡኝ አለ። ነበር። ገበያው አካባቢ ያለውን ሜዳ ሰፈር ስድስት ዓመት በእግሯ ስትዞር የኖረች፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ባልደረባ ነበረች። ሞተር መንዳት ትችላለች፤ የሟች ወንድሟን ሞተር ትነዳ ነበር። ክልል እንዲለዋወጡ ተወሰነ።

ርክክቡ የተደረገው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከቀትር በፊት ነው። ንብረት ክፍሉ ወረቀት አስፈርሞ ሄደ፤ ሁለቱ ከሞተሩ ጋር ቀሩ። ሴትየዋ ወጣችበት፣ እግሯ መሬት ይደርሳል። እጀታውን ስትይዝ ግን ጣቶቿ ጫፉን ብቻ ነኩት።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ሩቅ ነው፤» አለች።

እውነቷን ነው። እጇ ትንሽ ነበር፤ እጀታው ደግሞ ለረጅም ጣት የተገጠመ ነው። ጋሼ ቆጣሪ የቁልፍ ከረጢቱን ከመቀመጫው ሥር አወጣ። የግራ አንጓው በማሰሪያው ተጠፍንጎ ነበርና በቀኙ ብቻ መሥራት ነበረበት። እጀታውን የያዘውን ብሎን አላልቶ ወደሷ አዘነበለው፣ እሷም በፒንሳ ዳዶውን ደግፋ ያዘችለት። ከዚያ ሽቦውን ትንሽ አላላ፣ ሞክሪው አላት፣ ጨበጠች፣ አልሆነም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ግማሽ ዙር መለሰው። ሞክሪው። ገና ነው አለች። ሩብ ዙር። እንዲህ እያሉ ብዙ ቆዩ። አይቸኩልም ነበር፤ ለመቸኮል የሚሆን ጉልበትም አልነበረውም። ለራሱ እጅ ሲያስተካክል እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም፤ የራሱ እጅ ያገኘውን ይለምድ ነበር። በመጨረሻ እጀታው ሥር ላላ የሚለው ልክ ከሳንቲም ውፍረት ትንሽ ያነሰ ሆነ። ከዚህ በላይ እንዳታጠብቂው አላት። ከከበደሽ ደግሞ፣ አለና ቆመ።

«ከከበደሽ መጀመሪያ በሌላው እጅሽ ሞክሪው፤» አላት። «አደራ።»

ሴትየዋ ነገሩን ሁሉ ቀደም ብላ ሰምታ ነበር። እሺ ጋሼ አለችው። ከዚያ ስለ ቤቶቹ ነገራት። ከጋኑ በታች ሦስተኛው በር ላይ ያለው ውሻ ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ እስከ ጉድጓዱ ይደርሳል። የአንዲት አሮጊት ክዳን ተሰብሮ በጠፍጣፋ ድንጋይ ነው የሚከደነው፣ ድንጋዩን ከቦታው ካልመለስሽ ትጣላሻለች። መምህሩ ደጅ ወንበር ካየሽ ትንሽ ቁጭ በይ፣ የሚያዋራው ሰው የለውም። እሷም ስለ ሜዳው ሰፈር ነገረችው፤ ቆጣሪዎቹ በዕቃ ተራራ ሥር ናቸው፣ ነጋዴው እስኪያነሳ መጠበቅ ነው አለችው። ሞተሩን አስነሳችና ማርሽ አስገባች። ማርሹ ሳይንገጫገጭ ገባ። ከበሩ ወጥታ ወደ ግራ ታጠፈች።

ጋሼ ቆጣሪ የራስ ቁሩን ይዞ ቀረ። ማስረከቡን ረስቶታል። ንብረት ክፍል ተመልሶ እንዳይሰጥ ደረጃው ሩቅ ሆነበት፤ ነገ አለ። ወደ ቤቱ የሚሄደው አውቶቡስ የት እንደሚቆም እንኳ አያውቅም ነበር፤ ዘበኛውን ጠይቆ አገኘው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። በቀኝ እጁ ብረቱን ይዞ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ሥር ወትፎ ቆመ።

«አባት፣ እዚህ ይቀመጡ፤» አለች አንዲት ተማሪ ከመቀመጫዋ እየተነሳች።

ጋሼ ቆጣሪ አባት የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ያለው የአውቶቡሱ በር ብቻ ነው። አይሆንም፣ ገና ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። እግሮቹ ግን ሳያማክሩት ቀድመው ተቀምጠው ነበር። የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አደረገ። ከሁለት ፌርማታ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። የሚወርድበትን ቦታ አልፎ፣ መጨረሻው ላይ ሾፌሩ ቀሰቀሰው፤ ያንን መንገድ ሁሉ በእግሩ ተመለሰ።

ቀዶ ጥገናው የተደረገለት በአራተኛው ወር ሳይሆን በስድስተኛው ነው። ቃጠሎው ወዲያው ለቀቀው። ሦስቱ ጣቶቹ እየቆዩ ነፍስ ዘሩ፤ አውራ ጣቱ ግን ሰነፍ ሆኖ ቀረ፣ ብርጭቆ ያነሳል እንጂ ቁልፍ አይቆልፍም። ሚስቱም የደንብ ልብሱን ሥራ ቀንሳለች፤ መቀሱን አሁን አንዳንዴ እሱ በቀኙ ይይዝላታል፣ ጨርቁን እሷ ትመራለች፣ መስመሩ ትንሽ ይጣመማል። ወደ ሞተር አልተመለሰም። ሜዳውን ሰፈር በእግሩ ይዞራል፣ ካርቶን እስኪነሳለት ይጠብቃል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ማታ ሲገባ እግሩን የሚነክርበት ውሃ ሚስቱ አሙቃ ትጠብቀዋለች። አብዛኛውን ቀን ውሃው ሳይበርድ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንቅልፍ ይወስደዋል።